ዳክዬ ያለበት ቢጫ ጨርቅ

በክሎናሮ ከተማ በሐምሌ ወር ማንነቱ ያልታወቀ እንግዳ መሆን መታደል ነበር። ሻይ በነጻ፣ ኬክ በነጻ፣ ፈገግታውም እንዲሁ። የንጹሕ ከተሞች ውድድር ዳኛ በየዓመቱ በዚያ ወር ይመጣል፤ ግን ስሙን አይናገርም፣ ቀኑንም አያስታውቅም። ድልድያችንን አይቶ፣ ወንዛችንን አሽትቶ፣ ነጥቡን በደብተሩ ጽፎ እንደ አመጣጡ ይሄዳል። ስለዚህ በሐምሌ ከተማችንን የረገጠ ሁሉ በዳኝነት ይጠረጠር ነበር። አንድ ዓመት የጠፋች ጊደሩን ፍለጋ የመጣ ገበሬ በወይዘሮ ሄፈርናን ሳሎን የበግ ጥብስ ተጋብዞ፣ ሁለት ጊዜ ተጨምሮለት ሄዷል። ጊደሯን ያግኛት አያግኛት የነገረኝ የለም።

ወይዘሮ ሄፈርናን የሉካንዳው ባለቤት ሚስት ናቸው፤ የጽዳት ኮሚቴውም ሊቀመንበር። ባለፈው ዓመት በሁለት ነጥብ ተበልጠን ሁለተኛ ወጥተን ነበርና፣ ያንን ሁለት ነጥብ እንደ ሟች ዘመድ እያነሱ ይተክዙ ነበር። በሺህ ዘጠኝ መቶ ሰባ አራት፣ እኔ ዘጠኝ ዓመቴ ሳለ፣ "ዘንድሮ ወይ አንደኛ ወይ ሞት!" ብለው ተነሡ። ወቅቱ በጋ ነበር። በጋ ይባል እንጂ የአየርላንድ ሰማይ ከማልቀስ የሚቦዝነው ለምሳ ሰዓት ብቻ ነው።

ያለን ሀብት ወንዙና የወንዙ ዳር ነው። ሩዋ የሚባለው ይህ ወንዝ በከተማው መሐል ያልፋል። በላዩ ባለ አምስት ቅስት የድንጋይ ድልድይ አለ፤ አምስተኛው ቅስት ከሌሎቹ ያንሳል፤ ግንበኛው መሐል ላይ ገንዘቡን ጠጥቶት ነው ይባላል። ከድልድዩ ወረድ ሲባል ሴቶች ድሮ ልብስ ያጥቡበት የነበረው ደረጃ፣ ከዚያ መዘውሩ የወለቀ ወፍጮ ቤት፣ ከወፍጮው ጀርባ ደግሞ የቅድስት ብሮና ጠበልና በጠበሉ ላይ ያጎነበሰ አንድ ሽማግሌ የእሾህ ዛፍ። አባቴ ክርስቲ የመንገድ ሥራ ቀለም ቀቢ ስለነበር፣ ለድልድዩም ለደረጃውም ለወፍጮውም አረንጓዴ ሰሌዳ ላይ በነጭ ቀለም ታሪካቸውን ጽፎ ተክሏል። ለዛፉ ግን ወይዘሮ ሄፈርናን ሰሌዳ ከለከሉት።

"ያንን ዛፍማ ዳኛው ባያየው ይሻላል!" ይሉ ነበር። "በከተማ መሐል የተሰጣ የውስጥ ሱሪ ነው የሚመስለው!"

ዛፉ ጨርቅ በጨርቅ ነበር። ከአያት ቅድመ አያት ጀምሮ የቸገረው ሰው ሁሉ ከልብሱ ቁራጭ ቀዶ፣ ጠበሉ ውስጥ ነክሮ፣ ቅርንጫፉ ላይ ያስራል። የእኛ ቄስ አባ ኮኖሊ እንኳ አንድ እሑድ መድረኩ ላይ ወጥተው፣ "ጸሎት በልብ እንጂ በቡቱቶ አይደለም!" ብለው ገሥጸዋል። ሰው ሁሉ አንገቱን ነቀነቀ። ሰኞ ጠዋት ዛፉ ላይ ሦስት አዲስ ጨርቅ ተጨምሮ ነበር።

እናቴ አትራክታ ዛፉን እንዳልነካ አጥብቃ ትከለክለኝ ነበር። እኔ ደግሞ የሚቆሽሽ ነገር ስለሆነ ይመስለኝ ነበር። እናቴ የከተማው ልብስ ሰፊ ነች፤ እድፍ አትወድም።

እንግዲህ ነገሩ የመጣው በአንድ ቅዳሜ ጠዋት ነው። ወይዘሮ ሄፈርናን ልጆችን ሁሉ ድልድዩ ላይ ሰብስበው ለእያንዳንዳችን አንዳንድ ጆንያ አደሉን።

"ከዚህ እስከ ጠበሉ ድረስ ወረቀት ይሁን ጨርቅ አንድ እንዳይቀር! በጣም የሞላ ጆንያ ያመጣ ልጅ ይህቺን ይወስዳል" አሉና ክዳኑ ላይ ቤተ መንግሥት የተሳለበት የብስኩት ጣሳ ከፍ አድርገው አሳዩን።

ያ ጣሳ ይታየኛል። ጠርዙ ወርቅማ ነው፤ ብስኩቱም ሦስት ዓይነት። ሌሎቹ ልጆች ለወረቀት ሲሻሙ እኔ በልቤ ሒሳብ ሠራሁ። ከድልድይ እስከ ጠበል ከሚገኘው ወረቀት ሁሉ ይልቅ አንዱ ዛፍ ላይ ያለው ጨርቅ ይበልጣል። ሴትየዋ ደግሞ በገዛ አፋቸው "ጨርቅ ይሁን" ብለዋል። የእናቴ ክልከላ ሽው አለብኝ። ጣሳው ግን ከክልከላው ይልቅ ቅርብ ነበር።

ከዓመታት በኋላ ወይዘሮ ሄፈርናንን ጠይቄያቸዋለሁ። "ዛፉን? እኔ?" ብለው ደረታቸውን ያዙ። "ጎርፍ አምጥቶ ቁጥቋጦ ላይ የጣለውን ጨርቅ ነው እንጂ! ዛፉን የሚነካ ሰው ምን ጤና አለው?"

እኔ ግን ነካሁት። የእናቴን መቀስ ከቤት ይዤ መጣሁ። ዛፉ ላይ ወጥቼ፣ እሾሁ ክንዴን እየቧጨረ፣ እየቆረጥኩ ወደ ታች ጣልኩ። የበሰበሰው በእጄ ላይ ይፈርሳል፤ አዲሱ አልፈታ ይላል። እላይ ጫፉ ላይ አንድ ብቻውን የታሰረ ነበር፤ ለሱ ስል ልብሴ ተቀደደ። ስድሳ አንድ ጨርቅ። ጆንያዬ እንደ እርጉዝ ላም ተነፍቶ በሁለት እጄ እየጎተትኩ ተመለስኩ።

ድልድዩ አፍ ላይ ጋሽ ታይግ እንደ ሁልጊዜው ፒፓቸውን ይዘው አግዳሚው ላይ ተቀምጠዋል።

"ምን ተሸክመሽ ነው፣ የልብስ ሰፊዋ ልጅ?"

"ጨርቅ ነው ጋሼ። ከጠበሉ ዛፍ።"

ፒፓቸውን ከአፋቸው አወጡ። "ከጠበሉ ዛፍ ስንቱን?"

"ሁሉንም! አንድም አላስቀረሁ።"

"በይ እንግዲህ እግዜር ይማርሽ።"

"ምን ሆንኩና?"

"እስካሁን ምንም። ገና ትሆኛለሽ" አሉ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው። "ሰው በሽታውን ጨርቁ ላይ ያስራል። ጨርቁ ቀስ እያለ ሲበሰብስ በሽታውም ቀስ እያለ ይለቀዋል። ሳይበሰብስ ያወረደው ሰው ግን፣ ያንን በሽታ እንዳለ ለራሱ ወሰደ ማለት ነው። የእኔም የቁርጥማት ጨርቅ እዚያ ውስጥ አለ። እንዲያውም ይገርምሻል፣ ጉልበቴ አሁን ቀለል አለኝ!" ብለው እግራቸውን ዘርጋ እጥፍ አደረጉ።

ጋሽ ታይግ ይህን ታሪክ እስኪሞቱ ድረስ በየመጠጥ ቤቱ እያወሩ ሰው ሲያስቁበት ኖሩ። ግማሹን ከልባቸው፣ ግማሹን ለጨዋታ እንዳሉት የገባኝ ጢማቸው ስር ያለችውን ፈገግታ ለማየት ቁመቴ ከደረሰ በኋላ ነው። ያን ቀን ግን የእሳቸው ቁርጥማት ወዲያው ጉልበቴ ውስጥ ሲገባ ተሰማኝ። እያነከስኩ ሮጥኩ።

ወፍጮ ቤቱ ውስጥ ገብቼ ጆንያውን ወለሉ ላይ ዘረገፍኩት። የማንን በሽታ እንደወሰድኩ ለማወቅ ፈለግኩ። እዚህ ላይ ነው የልብስ ሰፊ ልጅ መሆን ጉድ ያፈላብኝ። እኔ ከፊደል በፊት ጨርቅ ነው የለየሁት። የከተማው ልብስ ሁሉ በእናቴ እጅ አልፏል፤ ቁርጥራጩ የእኔ አሻንጉሊቶች ልብስ ነበር። ይኼ ባለ መስመር የአስተማሪያችን ሸሚዝ፤ እሱ ጥርሱን ያመዋል፤ ጥርሴ ጠዘጠዘኝ። ይኼ ሰማያዊ ሱፍ የፖስተኛው፤ እሱ ወገቡን ነው፤ ወገቤን ያዝኩ። ይኼ ጥቁር ሐርስ? ገልበጥ አድርጌ አየሁት። የአባ ኮኖሊ ቀሚስ ገበር ነው! "በቡቱቶ አይደለም" ያሉት አባ ኮኖሊ። ከሥሩ ደግሞ አረንጓዴ ከፋይ። በከተማው ውስጥ አረንጓዴ ከፋይ መጋረጃ የሰቀለ አንድ ቤት ብቻ ነው ያለው፤ እሱም የወይዘሮ ሄፈርናን ሳሎን ነው።

የወይዘሮ ሄፈርናን በሽታ ምን እንደሆነ ስላላወቅኩ የትኛው አካሌ ላይ ልፈልገው እንደሚገባ ግራ ገባኝ።

በመጨረሻ ያቺ እላይ ብቻዋን የነበረችው ጨርቅ ወጣች። ቢጫ ናይለን። ፀሐይና ዝናብ አደብዝዟታል፤ ግን ጠርዟ ላይ ትናንሽ ነጫጭ ዳክዬዎች ይታያሉ። ይህ የእኔ ልብስ ነው። ቤታችን ከምድጃው በላይ ያለው ፎቶ ላይ፣ የአንድ ዓመት ሕፃን ሆኜ፣ ያለ ጥርስ እየሳቅኩ የለበስኩት ቀሚስ። እናቴ ያንን ጨርቅ ከአንድ ተጓዥ ነጋዴ እንደገዛችው፣ ሰውዬውም ከዚያች ቁራጭ ሌላ እንዳልነበረው ስንቴ ነግራኛለች። ከእኔ በቀር በዓለም ላይ ዳክዬ ያለበት ቢጫ የለበሰ ሰው የለም።

ስለዚህ አንድ ሰው ለእኔ ጨርቅ አስሯል። ስለዚህ እኔ ታማሚ ነኝ።

ከዚያማ ነገሩ ሁሉ ይገጣጠም ጀመር። እናቴ ጠዋት ጠዋት ግንባሬን የምትዳብሰው ለምንድን ነው? አባቴ ከትምህርት ቤት አምስት ደቂቃ ስዘገይ ብሩሹን ጥሎ በር ላይ የሚቆመውስ? ደግሞ ያለፈው ሳምንት ወሬ አለ። እናቴ ማሽኗ ላይ፣ አባቴ ቦት ጫማውን እያወለቀ፣ እኔ ደረጃው ላይ ሆኜ የሰማሁት።

"ዘጠኝ ዓመቷ ነው አትራክታ" አለ አባቴ። "ከሌላ ሰው አፍ ከምትሰማው እኛ ብንነግራት አይሻልም?"

"ይሄ በጋ ይለፍ።"

"አምናም ይሄው በጋ ነበር።"

"አልችልም ክርስቲ! ዓይን ዓይኔን እያየችኝ እንዴት ብዬ ነው አፌን የምከፍተው?" አለችና ማሽኑን በኃይል ረገጠችው።

ያን ጊዜ ስለ ለመንኳቸው ውሻ የሚያወሩ መስሎኝ፣ አይገዙልኝም ብዬ ሁለት ቀን አኩርፌ ነበር። አሁን ግን ዳክዬዎቹን በእጄ ይዤ እውነቱ ገባኝ። ልሞት ነው፤ እንዴት እንደሚነግሩኝ ጨንቋቸዋል። ይባስ ብዬ፣ በዘጠኝ ዓመት ውስጥ ያልበሰበሰውን መድኃኒቴን በገዛ እጄ በመቀስ ቆረጥኩት።

አለቀስኩ። ከዚያ አፍንጫዬን በአባ ኮኖሊ ገበር ጠረግኩ። ያለኝ መንገድ አንድ ብቻ ነበር፦ ሰው ሳያየኝ ስድሳ አንዱንም ጨርቅ መልሼ ማሰር። ያኔ የሰዉ በሽታ ወደ ዛፉ ይመለሳል፤ የእኔም ምናልባት ይለቀኝ ይሆናል። ብስኩቱ በኖ ጠፋ፤ አሁን የምፈልገው መኖር ብቻ ነበር።

ጠበሉ ጋ ስደርስ አንዲት ሴት ድንጋዩ ላይ ተቀምጣ ሳንድዊች ትበላለች። ብስክሌቷ አጥሩ ላይ ተደግፏል፤ ጫማዋ ጭቃ ነው፤ ካፖርቷ ሁለት ቁልፍ ጎድሎታል። ሠላሳ ዓመት ቢሆናት ነው። ፀጉሯ እንደ እኔው ቀይ ነበር።

"መንገድ ላይ ከሆንኩ ልነሣልሽ" አለችኝ።

"ግድ የለም። ብቻ ለማንም እንዳይናገሩ።"

"ለማን እናገራለሁ? እዚህ ከተማ የሚያናግረኝ ሰው ቢኖር አይደል? ድልድዩ ላይ አንዲት ወይዘሮ ብስክሌቴን ከግድግዳው እንዳነሳ አዘዙኝ። ትልቅ እንግዳ መጥቷል አሉ።"

እውነትም ከድልድዩ በኩል የወይዘሮ ሄፈርናን ሳቅ ይሰማ ነበር። አንገቴን ሳሰግግ ከረባት ያሰረና ደብተር የያዘ ሰውዬ በክንዱ ይዘው አምስተኛውን ቅስት ሲያሳዩት አየሁ። ዳኛው መጥቷል። ዛፉ ደግሞ ራቁቱን ነው። ቸኮልኩ። በቸኮልኩ ቁጥር ቋጠሮው ይፈታብኛል።

ሴትየዋ ሳንድዊቿን ጠቅልላ ኪሷ ከተተችና አጠገቤ ቆመች። "ለምን እንደምታስሪ ከነገርሽኝ አግዝሻለሁ።"

ነገርኳት። ሁሉንም። ሰው ጭንቀቱን ለማያውቀው ሰው ሲናገር የሚቀልለው ለምን እንደሆነ እስከ ዛሬ አላውቅም። እያንዳንዱን ጨርቅ እያቀበልኳት፣ "ይሄ የፖስተኛው ወገብ ነው፤ ይሄ የአስተማሪያችን ጥርስ" ስላት እሷ፣ "ወገቡን እዚህ ዝቅ ያለው ላይ እናድርግለት፤ መጎንበስ አያስፈልገው" ትላለች። አረንጓዴውን ከፋይ ስሰጣት ባለቤቱን ጠየቀችኝ። ምሥጢር ነው ብዬ አስማልኳትና ነገርኳት። ከንፈሯን ነክሳ ሳቋን ዋጠች።

"ስንት ዓመትሽ ነው?"

"ዘጠኝ። በየካቲት አሥር ይሞላኛል፤ ከኖርኩ።"

"የየካቲት ልጅ ነሽ በያ" አለችና ፊቴ ላይ የተለጠፈውን ፀጉር ወደ ጆሮዬ ጀርባ መለሰችልኝ።

እናቴ ከወፍጮው ጥግ ብቅ ያለችው ልክ በዚህ ጊዜ ነበር። ጋሽ ታይግ ነግረዋት እየሮጠች መጥታ ኖሯል፤ መለኪያ ሜትሯ አንገቷ ላይ፣ መርፌዎች ደረቷ ላይ እንደተሰኩ። ዛፉን አየች። የዛፉን ባዶ ጫፍ አየች። ከዚያ እኛን አየች፤ ሁለት ቀይ ፀጉር ጎን ለጎን። እናቴን እንዲያ ሆና አይቻት አላውቅም። የወፍጮውን ግድግዳ በአንድ እጇ ያዘች።

"ኦርላ፣ ወደዚህ ነዪ።"

"እማዬ፣ እኔ እኮ..."

"አሁን!"

ሄድኩ። ትከሻዬን የያዘችበት ጣቷ ለሳምንት ምልክቱ ነበር።

"ልጅዎት ነች?" አለች ሴትየዋ በፈገግታ። "እንዴት ያለች ጎበዝ መሰለችዎት!"

"ልጄ ነች" አለች እናቴ። ድምፁ የሷ አይመስልም። "የእኔ ልጅ ነች። ወረቀት አለኝ።"

ለውሻ ፈቃድ እንደሚወጣ አውቅ ነበር፤ ለልጅም ወረቀት እንደሚያስፈልግ ግን ያን ቀን ነው የሰማሁት።

"ከየት ነው የመጡት? ማንን ፈልገው ነው?"

"ከደብሊን ነው። ማንንም ፈልጌ አይደለም፤ ወንዙን ለማየት ነው።"

"ወንዝ ደብሊንም አለ።"

ሴትየዋ እናቴን አየቻት፣ እኔን አየችኝ፣ የእናቴን ጣቶች አየች። ከዚያ ቀስ ብላ ብስክሌቷን አነሣች። "እኔ አላፊ መንገደኛ ነኝ፣ እመቤት። ከዚህ ይዤው የምሄደው ነገር የለም" አለች። ለእኔ በእጇ ሰላምታ ሰጥታ በደረጃው በኩል ሄደች።

ከዓይን እስክትጠፋ እናቴ በዓይኗ ተከተለቻት። ከዚያ ድንጋዩ ላይ ቁጭ አለች።

"ቢጫዋ የት አለች?"

ጨብጬ የያዝኩትን እጄን ዘረጋሁ። ላብ በላብ ሆናለች።

"እማዬ፣ ልሞት ነው?"

"ምን?"

"ጨርቄ ነው እኮ። ለእኔ አስራችሁልኛል። እንዴት እንነግራታለን ስትሉ ሰምቻለሁ።"

እናቴ እየሳቀች ነው እያለቀሰች ነው ለመለየት አስቸገረኝ፤ ሁለቱንም ነበር። ጎትታ አቀፈችኝ፤ ደረቷ ላይ የነበረ መርፌ ጆሮዬን ወጋኝ።

"አንቺ ሞኝ! ይህ የታመመ ሰው ጨርቅ አይደለም። የለመነ ሰው ጨርቅ ነው።"

"ምን ለምናችሁ?"

"አንድ ነገር።"

"ተሰጣችሁ?"

"ተሰጠን።"

"ታዲያ ከተሰጣችሁ ለምን አላወረዳችሁትም?"

ተነሥታ ጎንበስ አለችና ትከሻዋን ሰጠችኝ። "ነዪ ውጪ። ከነበረበት መልሺው።"

በእናቴ ትከሻ ላይ ቆሜ እጫፉ ደረስኩ። ጠበሉ ከታች ያብለጨልጫል፤ ወዲያ ማዶ ወይዘሮ ሄፈርናን ባለ ከረባቱን ወደ ሳሎናቸው ይዘውት ሲገቡ ይታየኛል። ቶሎ ልጨርስ ብዬ ባንድ ዙር አሰርኩና "ጨረስኩ" አልኩ።

"ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል" አለች ከታች። "ቀስ ብለሽ። ድገሚው። አጥብቂው ኦርላ፣ በደንብ አጥብቂው።"

እንድድን ፈልጋ ነው ብዬ በጥርሴ ጭምር ስቤ ሦስት ጊዜ ቋጠርኩት።

በመስከረም የዳኛው ሪፖርት በአዳራሹ ተነበበ። ያነበቡት ራሳቸው ወይዘሮ ሄፈርናን ናቸው። ድልድዩ ጥሩ፣ ወፍጮው ደህና፣ ደረጃው ንጹሕ። ከዚያ ድምፃቸው ቀጠነ፦ "በጠበሉ ዘንድ ያለው ጥንታዊ ልማድ በአንዲት የዘጠኝ ዓመት ልጅ በታላቅ ጥንቃቄ ሲጠበቅ በማየቴ አራት ነጥብ ጨምሬያለሁ። ለወደፊቱ ግን ብስክሌት የሚቆምበት ቦታ ቢዘጋጅ።" አንደኛ ወጣን። ባለ ከረባቱ ለካ የላም ማለቢያ ማሽን ሻጭ ነበር፤ ጥብሱን በልቶ ለሉካንዳው ባለቤት አንድ ማሽን ሸጦለት ሄዷል፤ ላም ለሌለው ሰው። የብስኩቱ ጣሳ ለእኔ ተሰጠ። ወይዘሮ ሄፈርናን ሲሰጡኝ ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብለው፣ "አረንጓዴዋን... በየትኛው በኩል ነው ያሰርሻት?" አሉኝ። "ፀሐይ በሚያገኛት በኩል" አልኳቸው። እጄን ጨበጥ አደረጉኝ። እንግሊዝ አገር ሄዶ ደብዳቤ መጻፍ ያቆመ ልጅ እንዳላቸው ያኔ አላውቅም ነበር።

እናቴ የነገረችኝ በአሥራ ስምንት ዓመቴ ነው፣ በዚያው ማሽን አጠገብ፣ ዓይን ዓይኔን እያየች። ሰባት ዓመት ልጅ አጥተው ኖረዋል። አንድ ቀን ነጋዴው ዳክዬ ያለበት ቢጫ ናይለን ይዞ ሲመጣ፣ ልጅ ሳይኖራት የልጅ ጨርቅ ገዛች፤ ከጠርዙ ቀዳ በአባቴ ትከሻ ላይ ወጥታ ዛፉ ጫፍ ላይ አሰረችው። ከሁለት ዓመት በኋላ ሕፃናትን ለማደጎ የሚሰጡ መነኮሳት ጠሯቸውና በየካቲት ብርድ፣ በሦስት ሳምንቴ፣ በአውቶቡስ ይዘውኝ መጡ። በተረፈው ጨርቅ ቀሚሴ ተሰፋ። የወለደችኝ እናቴ ልጅ እግር እንደነበረችና ፀጉሯም ቀይ እንደነበር ነው መነኮሳቱ የነገሯቸው። እናቴም ጨርቁ እላይ እስካለ ድረስ ማንም መጥቶ እንደማይወስደኝ ለራሷ አሳመነች። ከዚያ አንድ ቅዳሜ ጨርቁ ወርዶ፣ አንዲት ባለ ቀይ ፀጉር ከእኔ ጋር ቆማ አገኘች። አጥብቂው ያለችኝ ለዚህ ነው።

አሁን የኮሚቴው ሊቀመንበር እኔ ነኝ፤ ይሳቅብኝ። ለዛፉም ሰሌዳ አቁመንለታል፤ ጽሑፉ የእኔ ነው፦ "እባክዎ ጥጥ ወይም ሱፍ ብቻ ይሰሩ፤ ናይለንና ላስቲክ አይበሰብስም፣ ዛፉን ይጎዳል።" በየዓመቱ ፀደይ መሰላል ይዤ እየወጣሁ የማይበሰብሰውን ሁሉ እለቅማለሁ። ባለፈው ሚያዝያ እናቴ ሰማንያ ስምንት ዓመቷን ይዛ፣ ድንጋዩ ላይ ተቀምጣ፣ ከዘራዋን ወደ ላይ ቀሰረች።

"አንዷ ቀርታሻለች።"

ቀና አልኩ። ዳክዬዎቹ ጠፍተዋል፤ ቢጫነቱም አለ ከማለት የለም ማለት ይቀላል። ቋጠሮው ግን እንዳለ ነው፤ ቅርፊቱ በላዩ አድጎ ውጦታል።

"አይቻታለሁ" አልኩ።

"ናይለን ነች። ደንቡን ያወጣሽው አንቺ አይደለሽም እንዴ?"

"እኔ ነኝ።"

"ታዲያስ?"

ከመሰላሉ ወርጄ አጠገቧ ተቀመጥኩና እጇን ያዝኩ።

"እሷ ቅርስ ናት እማዬ። ቅርስ አይነካም።"